ልብስ አጣቢዋ ያየችው

ሚያዝያ 13፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 11፡30

ዝናብ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ወንበሮቹን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ጫንኩ፤ የቤተ መጻሕፍቱን መስኮቶች ዘጋሁ። እስኪያባራ አንተን አወጣሁ፣ ደብተር።

ዛሬ አሥራ አንድ ተማሪዎች መጡ። የንባብ ክበቡ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የሚመራው መ/ር ይታያል ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የአማርኛ መምህር። ወጣት፣ ችኩል፣ ልበ ቅን። እኔ ቁልፍ እይዛለሁ፣ መጽሐፍ አወጣለሁ፣ ጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ።

የመረጠው ያንን ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ነው። ያሳየሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ተገንጥለዋል፤ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደተረጎመው አይታወቅም። ከባሕር ማዶ የመጣ የቆየ ልብ ወለድ። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ትልቅ የድንጋይ ቤት፣ ሲረገጥ የሚንቋቋ ደረጃ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘ ሬሳ። እንዲህ ያለው ጎቲክ ይባላል አለ መ/ር ይ.። ሦስት ጊዜ ሳነበው ስም እንዳለው አላውቅም ነበር።

ጭጋግ ቤቱን የሚውጥበትን ገጽ ድምፁን እያንቀጠቀጠ አነበበላቸው። ማንም አልደነገጠም። እዮብ፣ የክበቡ ቀልደኛ፣ እጁን አወጣ። "መምህር፣ ይሄ'ኮ የቦንጋ ጠዋት ነው። እኛ በዚህ ውስጥ ነው ዳቦ የምንገዛው።" ሳቅ በሳቅ። መ/ር ይ. ራሱም ሳቀ። እንግዲያው ፍርሃቱ ያለው ከጭጋጉ ሳይሆን ከሰዎቹ ዘንድ ነው አላቸው። ጌታውንና ሚስቱን ተዉአቸው፤ ንዑሳን ገጸ ባሕርያቱን እናጥና። በረኛዋን፣ ቄሱን፣ ምግብ አብሳዩን፣ ከሰል ተሸካሚውን፣ ልብስ አጣቢዋን። ስማቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ አዟዟረ። የደረሰው ሰው ገጸ ባሕርዩን ሆኖ "እኔ" እያለ ሊናገር ነው።

ልብስ አጣቢዋ ለእዮብ ደረሰችው። ጩኸቱን አትጠይቀኝ። ከሰል ተሸካሚው ለመስከረም፤ ከደካ መጥታ እዚህ ቤት ተከራይታ የምትማር ዝምተኛ ልጅ ናት።

እኔ ልብስ አጣቢዋን በቃሌ አውቃታለሁ። በመጽሐፉ ሁሉ ሦስቴ ብቻ ነው የምትነሳው። ጌታው ታናሽ ወንድሙን ገድሎ ጉድጓድ ይከተዋል፤ ጥፋቱ በከሰል ተሸካሚው ላይ ይላከካል፤ ሰውየው ተባሮ ረግረግ ውስጥ ይሞታል። በማግስቱ ልብስ አጣቢዋ የጌታውን ሸሚዝ ትረከባለች። እጅጌው ላይ የጉድጓዱ ጥቁር ጭቃ አለ። ገጽ 112። አጠበችው፣ አሰጣችው፣ ምንም አላለችም።

እዚያ ገጽ ላይ ሁልጊዜ ጣቴ ይቆማል። ለምን እንደሆነ አልነገርኩህም። አባራ። ልሂድ።

ሚያዝያ 15፣ ሐሙስ



ዛሬ የከሰል ተሸካሚው ተራ ነበር። ልጆቹ ስለ እሱ ያገኙትን ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ጠንካራ ነው። ከጫካ ይመጣል። በጓሮ በር ያራግፋል። ሾርባውን ከደጅ ቆሞ ይጠጣል፤ ሳህኑ የተሰነጠቀ ነው፣ ከቤት አይገባም፣ ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጥለታል። ይህን ሁሉ እንደ ቁመትና እንደ ዕድሜ ዘረዘሩትና አለፉ። አንድም ልጅ አልቆመበትም። እኔም በሦስት ንባብ አልቆምኩበትም።

የቆመው መ/ር ይ. ነው። የዚህ አገር ሰው አይደለማ። ለምንድነው ውጭ የሚበላው? ሌሎቹ አሽከሮች ማድ ቤት ይበላሉ፤ እሱ ምን ቢሆን ነው? አለ።  እዮብ ስለሚቆሽሽ ነዋ ብሎ ሞከረ። ሌላዋ ስለሚቸኩል አለች።

መስከረም ከኋላ ወንበር፣ ሳትነሳ፣ "ሳህኑ እንዳይረክስባቸው ነው" አለች። "እኛንስ በኮባ ቅጠል አይደል የምታበሉን? ቅጠል ይጣላል፤ አይታጠብም።"

እኛን አለች።

 ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ ክርኗን ሰበሰበች፤ አየኋት። ሆን ብላ አይመስለኝም፤ ክርኗ ራሱ የተሰበሰበ ይመስላል። እዮብ እስከ ጆሮው ቀላ። መ/ር ይ. አልገባውም፤ አንዱን ፊት ከሌላው እያየ ቆመ። በኋላ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከሰል የሚያከስሉ፣ ጫካ የሚያድሩ፣ አውሬ ይበላሉ እየተባሉ ከደጃችን እንዳይገቡ የኖሩ ወገኖች አሉ፤ አሁን ቀርቷል ይባላል፤ ግማሹ ቀርቷል። እነሱን የምንጠራበትን ቃል አልነገርኩትም። ለአንተም አልጽፈውም። በአፌ ስንቴ እንዳልኩት እግዜር ያውቃል።

መስከረም ስትወጣ የመለሰችውን መጽሐፍ ከእጇ ተቀበልኩ። እጇን አየሁት። እጄን አየሁት።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ። ጠዋት

ማንበብ የተማርኩት ከግድግዳ ነው። ሙሽራ ሆኜ ሺሺንዳ ስገባ ባሌ ወልዴ ብርድ እንዳይገባ ቤቱን በጋዜጣ ለጥፎት ነበር። ገሚሱ ተገልብጦ። የአማቼ ልጅ ፊደሉን አሳየችኝ፤ የቀረውን ለብቻዬ። አንገቴን አዙሬ ማንበብ የለመድኩት ያኔ ነው።

ይህን ለምን ጻፍኩ? ሌላውን ላለመጻፍ።

ወልዴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህንንም ለማን ነው የምለው?

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ። ማታ 1፡00

መ/ር ይ. ሽምግልና እናድርግ አለ፤ እንደ አገሩ ወግ። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ አስቀመጠ። ሽማግሌ ያስፈልገናል፤ እትዬ ዘነበች በዕድሜ ይበልጡናል፤ መሐል ይቀመጡ፤ በመጨረሻ ፍርድ ይሰጣሉ አለ። እምቢ አልኩ። ልጆቹ "እትዬ! እትዬ!" እያሉ አጨበጨቡ። ተቀመጥኩ።

እዮብ ነጠላዬን ተውሶ ተከናነበና እንደ ባልቴት እያቃሰተ ገባ። መስከረም በሩ ላይ ቀረች። መ/ር ይ. ግቢ አላት። የኔ ገጸ ባሕርይ አይገባም አለችው። ከዚያው፣ ከደፉ ላይ ሆና ጠየቀች።

"ሸሚዙ ላይ ጭቃ ነበረ?"

"ነበረ፣ እመቤቴን! ወገቤን እስኪቆርጠኝ ነው ያሸሁት።" ሳቅ።

"የየት ጭቃ እንደሆነ አወቅሽ?"

"... አወቅኩ።"

"እኔ ስባረር የት ነበርሽ?"

እዮብ ነጠላውን ከራሱ አወረደው። ቀልዱ አለቀበት። ድሃ ነኝ አለ፤ የምበላው የጌታውን፣ የማድረው ከጌታው ደጅ፤ ብናገር የት እገባለሁ? እሷ መልሳ ጠየቀች። የት ትገቢያለሽ አላልኩም፤ ለምን አልተናገርሽም ነው ያልኩት። ያኔ እዮብ መጽሐፉን ገለጠ፤ ቀን ሙሉ ሲፈልገው እንደነበር ያስታውቃል። "ማንም አልጠየቀኝማ! እዩት። ቄሱን ጠየቁ፣ በረኛዋን ጠየቁ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅ እናገር ነበር።"

ልጆቹ አጉረመረሙ። እውነቱን ነው ተባለ።  ሁሉም ወደኔ ዞሩ። "ፍርድ፣ እትዬ!"

 ሰዓቱ ደርሷል፣ ልዘጋ ነው አልኩ። ሳቁብኝ። ሽማግሌ ሰዓት አያይም አሉኝ። ወንበር መገልበጥ ጀመርኩ።

ልብስ አጣቢዋን ማንም አልጠየቃትም፣ ደብተር።

እኔን ጠይቀውኛል።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ። ከቀኑ 12፡00

ቁጭ ልበል። ውኃ ጠጣሁ። እንደገና ጠጣሁ።

የቤት ሥራቸው ነበር። ከየቤታችሁ አንድ እውነተኛ ታሪክ ጠይቁ፤ በታሪኩ ውስጥ ዳር የቆመውን፣ ስሙ የማይጠራውን ሰው ፈልጉ። እዮብ የአጎቱን ሠርግ ያበላሸውን ሹፌር አመጣ፤ ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መስከረም ወረቀቷን ዘረጋች። ሴት አያቷን እማማ፣ ወንድ አያቷን አባባ ትላቸዋለች። በስልክ ጠይቃ ነው የጻፈችው።

አባባ ድሮ ሺሺንዳ አጠገብ ጫካ ውስጥ ይኖር ነበር። ከሰል ያከስላል፤ ጥቂት ቀፎም ነበረው። በአንድ የግንቦት ልደታ ጠዋት የአንድ ባለ መሬት ቀፎዎች ተቆርጠው ተገኙ። ወረዱ፣ ተሰበሩ፣ ማሩ ተወሰደ። የባለ መሬቱ ወንድም፣ አባባን በስሙ ጠርቶ፣ ገብሬን ማለዳ ጫካው አፍ ላይ አይቼዋለሁ ብሎ መሰከረ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አባባ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ተሟገተ፤ መግባት አይፈቀድለትም። ተፈረደበት። ቀፎዎቹን አወረዱበት፣ ጎጆውን አቃጠሉት፣ ከአገር ውጣ ተባለ። እማማ ነፍሰ ጡር ነበረች። "እናቴ የተወለደችው ወደ ደካ ሲሄዱ መንገድ ላይ ነው" ብላ አነበበች። አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ ማር ቀምሶ አያውቅም።

ቀና አልኩ። 

ስሙ የማይጠራው ሰው፣ ብላ ቀጠለች፣ አንዲት ሴት ናት። እማማ በዚያ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ወንዝ ወርዳ አየቻት። ወጣት ሙሽራ፤ ልብስ ታጥባለች። በልደታ! በማርያም ቀን ማን ልብስ ያጥባል? የወንድ ሸሚዝ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ሸሚዙን ውኃ ውስጥ ደፈቀችው። እማማ እስከ ዛሬ ታወራታለች። "ዓይኗን አይቻለሁ፤ አንድ ቀን ትናገራለች" ትላለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት።

መ/ር ይ. እጅግ ጥሩ አላት። ገጸ ባሕርይዋ ከመጽሐፉ ልብስ አጣቢ ጋር መመሳሰሏን ልብ በሉ አለ።

ልብ በሉ አለ! እኔ ጥግ ላይ ቁልፍ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ሚያዝያ 23፣ ዓርብ። ንጋት

እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት ዛሬ መቆም አልችልም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከገባሁ አምስት ወር። ወልዴና ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ተክሌ በአባታቸው ዛፎች ተጣልተው ነበር፤ ቀፎ የሚሰቀልባቸው ዛፎች ሁሉ ለታላቁ ደርሰው ወልዴ ባዶ እጁን ቀረ። በዚያ ጠዋት ወልዴ ጎሕ ሲቀድ ገባ። ጭስ ጭስ ይላል። እጁ በንብ ተነድፎ አብጧል። ሰማያዊ ሸሚዙ ከደረት እስከ እጅጌ ማርና ሰም።  አወለቀና ሰጠኝ። ወንዝ ወረድኩ።

አዎ፣ አንዲት ሴት መጣች። እንስራ አዝላለች። ሆዷ ገፍቷል። አየችኝ። አየኋት።

ከሰዓት ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ። ጠዋት ባልሽ የት ነበር? አሉኝ። ጋሽ ተክሌ ያዩኛል፣ ወልዴ መሬት መሬት ያያል። ከአጥሩ ወዲያ ሰውየው ቆሟል፤ ራሱ ብቻ ይታያል። "አሞት ተኝቶ ነበር" አልኩ።

ሦስት ቃል። በሦስት ቃል ቤት ተቃጠለ።

ፈርቼ ነበር እል ነበር። ልጅ ነበርኩ እል ነበር። ትናንት ሌላው ገባኝ፤ ዋናው ፍርሃት አልነበረም። ሰውየው ከአጥር ውጭ ስለቆመ ብቻ፣ ጉዳቱ ሰው እንደሚጎዳ ጉዳት አልመሰለኝም። ሳህን እንደሰነጠቅኩ ነው ያየሁት። እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። እስከ ዛሬ ያልደነገጥኩት ለምንድን ነው?

ሚያዝያ 25፣ እሑድ

ጋሽ ተክሌ ከሺሺንዳ መጡ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ከዘራቸውን ከበሩ አስደግፈው ገቡ። በየዓመቱ ለልደታ ራሳቸው መጥተው ይጠሩኛል። ወልዴ ከሞተ ወዲህ ከእሳቸው በቀር የሚጠይቀኝ ዘመድ የለም። የምኖርበት ጎጆ የእሳቸው ነው፤ ክዳኑንም ያስቀየሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ሁሉም ይመጣል አሉኝ፤ ንፍሮው፣ በጉ፣ ከዋርካው ሥር እንደ ወትሮው። ከዚያ እየሳቁ፣ "ማሩ ዘንድሮ ሞልቷል። የዚያ ሌባ እርግማን ለቀቀን መሰለኝ" አሉ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሉት የኖሩት ቀልድ ነው። ሁልጊዜ ፈገግ እልላቸው ነበር። ዛሬ ሻይ የያዝኩበት ብርጭቆ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። "ምነው ዘነበች፣ አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ስብርባሪውን ለቀምኩ።

ይህን ሰው አጣዋለሁ። ይኸው ነው የምከፍለው። ቤቱንም ምናልባት።

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ። ማታ 2፡00

ፍርድ ሰጠሁ። ልጆቹ አልረሱልኝም።

ተቀመጥኩና ልብስ አጣቢዋ ጥፋተኛ ናት አልኳቸው። እዮብ ዘለለ። "እትዬ፣ ማንም አልጠየቃትም'ኮ!" አልተጠየቀችም፤ ያየችው ግን ሳትጠየቅ ነው አልኩት። መ/ር ይ. ይህንን ሰሌዳ ላይ ጻፈው። እንዳይጽፈው ፈለግሁ።

ሲወጡ መስከረምን አስቀረኋት። ወንበሮቹን አልገለበጥኩም። አጠገቤ ተቀመጪ አልኳት። ነገርኳት። ከመጀመሪያው። ስሜን፣ የወልዴን ስም፣ ወንዙን፣ ሦስቱን ቃል።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ትሰድበኛለች። የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ጠቅልላ ፈታች፣ ጠቅልላ ፈታች። ከዚያ የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው።

"ሸሚዙ ምን ዓይነት ቀለም ነበር?"

"ሰማያዊ።"

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ስታለቅስ ድምፅ የላትም። ቆይታ ነገረችኝ። እማማ ሰማያዊ ሸሚዝ ስትል አባባ ይቆጣታል፤ ምጥ ላይ ሆነሽ ያለምሽው ነው፣ ሸሚዝ የሚባል አልነበረም፣ ተይኝ ይላታል። ቤቱ ሁሉ እንደ ቅዠት ነው የሚያየው። እሷም እንደ ተረት ነው ያመጣችው።

ሸሚዙ አለ አልኳት። ሳጥኔ ግርጌ። በቀዝቃዛ ውኃ አጥቤው ሰሙ ክሩ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ አልለቀቀም። ለማንም መስጠት አልቻልኩም፤ ማቃጠልም አልቻልኩም።

ይቅርታ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። የሚያሳፍር ዕይታ አልነበረም፤ የደከመ ነበር። "ለእኔ አይደለም'ኮ እትዬ" አለች። "እኔ ያኔ አልነበርኩም።" ተነስታ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ፣ ሳትዞር፣ ያኔ በነበሩት ፊት ነው የሚነገረው አለችኝ።

ሚያዝያ 30፣ ዓርብ። ከቀኑ 10፡00

መስከረም ቤተ መጻሕፍት መጣች። ሌሎች ልጆች ስለነበሩ መጽሐፍ የምትዋስ መስላ ቆመች። ወደ ደካ ደውላለች። አባባ ስልኩን ሰምቶ ጠላውን ጠየቀ፣ ጠጣ፣ ተኛ። አልመጣም አለ። ያንን አጥር ዳግም አላየውም አለ። እማማ ግን ትመጣለች። ዛሬ ተሳፍራ እዚህ መስከረም ዘንድ ታድራለች። "ሸሚዙን ልየው" ነው ያለችው።

ከአጥሩ ወዲያ አትቆምም አልኩ። መስከረም አላመነችኝም። ልክ ናት።

ለጋሽ ተክሌ ደወልኩ። ነገ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ፤ ከሽማግሌዎቹ በሕይወት ያሉት ሁለቱ እንዲገኙ ያድርጉልኝ አልኩ። ሳቁ። "ልታገቢ ነው እንዴ?" አሉ። ነገ እነግርዎታለሁ አልኩ። ድምፄን ሰምተው መሳቅ አቆሙ።

ግንቦት 1፣ ልደታ። ጠዋት 1፡30

ጭጋግ። እዮብ እንዳለው ነው፤ ዳቦ የሚገዛበት ጭጋግ።

ሸሚዙን አውጥቼ ዘረጋሁት። ከደረት እስከ እጅጌ፣ አሁንም ደረቅ፣ ቆዳ የመሰለ። በፌስታል ጠቀለልኩት። ከሁለት ኩባያ ጋር፤ ከመደርደሪያዬ ካሉት ጥሩዎቹ። እማማ ከእነዚህ በአንዱ ትጠጣለች፤ በሌላው እኔ። ጋሽ ተክሌ ፊት። ሽማግሌዎቹ ፊት። ከአጥሩ ውስጥ። አናስገባም ካሉ እኔም ወጥቼ ውጭ እቀመጣለሁ፤ ከዚያው ሆኜ ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

ምን ብዬ እንደምጀምር ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። መጽሐፍ መጽሐፍ የሚሸት አረፍተ ነገር ሁሉ መጣ። ጣልኩት። በዚያች ጠዋት ባሌ አልታመመም፣ አልተኛም፤ ሸሚዙ ይኸውና እላለሁ። የሚቀጥለውን ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ። ሳይጠይቁኝም።

ባጃጁ ደረሰ። መስከረም ወርዳ በሩን እያንኳኳች ነው። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ቆመዋል፤ ደጃፌ ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ነው፣ ጭቃ እንዳያስገቡብኝ። እንዳያወልቁ ልንገራቸው።